አረንጓዴው ማኅደር

መልስ የምጠብቅበትን ደብዳቤ ለኔድ ከሰጠሁት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ዘጠኙንም ቀን ስልኬን በግንባሩ ደፍቼ ነው ያሳለፍኩት፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ካስቀመጥኩት ዓይኔን ከእሱ መንቀል ያቅተኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደወትሮው ከባቡር ወርጄ፣ ሊላክ የሚባለው ሐምራዊ አበባ የፈካበትን አጥር ተከትዬ፣ የታየር ቤተሰብ ቤት ደረስኩ። የምገባው በጓሮ በር ነው። በጓሮ በኩል ግቢ ብሎ ያዘዘኝ ማንም የለም። የመጀመሪያው ቀን የዋናው በር ደወል ተበላሽቶ ስለነበር በኩሽና በኩል ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ደወሉ ተጠግኖም ቢሆን እኔን ወደ ዋናው በር የመለሰኝ አልተገኘም። እኔም አልጠየቅሁም።

ፊቢ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ ትጠብቀኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

“ጄኔራል፣ ምርኮኛው ቀርቧል” አለችኝ በአገጯ ወደ ቦርሳው እየጠቆመች።

“እጅ ሰጥቷል?”

“በጭራሽ። ውስጡ ሙዝ አለ። የመቼ እንደሆነ ግን እንዳትጠይቂኝ።”

ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ማክሰኞና ሐሙስ የምንጀምረው በዚህ ነው። እኔ ሒሳብም ታሪክም አላስተምርም። የማስተምረው፣ ሰው ሁሉ ሲወለድ ይዞት የሚመጣ የሚመስለንን ነገር ነው፤ ሥራ እንዴት እንደሚጀመር፣ ትልቁ እንዴት ወደ ትንንሽ እንደሚከፋፈል፣ ጊዜ እንዴት እንደሚገመት፣ ያለቀ ነገር እንዴት ከእጅ እንደሚወጣ። ይህ የሚቸግረው ልጅ ሰነፍ ይባላል። ሰነፍ ግን አይደለም። ብዙዎቹ ሥራውን ሠርተው ይጨርሱታል፤ ከዚያ ቦርሳቸው ሥር ተጨማድዶ ይቀራል። መምህሩ ዜሮ ይጽፋል፣ እናት “አልፈለገም እኮ” ትላለች። እኔም በየወላጅ ስብሰባው፣ ሰው ፊት መናገር ባልወድም፣ አንድ ነገር እላለሁ፦ አለማስረከብ አለመፈለግ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ማኅደር እሰጣለሁ። ቀዩ ላልተጀመረ፣ ቢጫው ለተጀመረ፣ አረንጓዴው ለሚሰጥ። አረንጓዴው ውስጥ የገባ ወረቀት ከዚያ ወዲያ አይታረምም፣ አይሻሻልም፤ ይሰጣል። ለራሴም አንድ ሕግ አለኝ። ወረቀቱን በእኔ እጅ አላወጣም። የሚያወጣውም የሚሰጠውም የልጁ እጅ ነው።

“የወንዙ ጎርፍ የት ደረሰ?” አልኳት። የዓመቱ ማጠቃለያ የታሪክ ጽሑፏ ነው፤ ነገ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መግባት አለበት።

“ቢጫው ውስጥ። መደምደሚያው ይቀራል። ኢኔስ፣ አንድ ቀን ይጨመርልኝ ብል ነውር ነው?”

“ቀኑ ከማለፉ በፊት ከጠየቅሽ ነውር የለውም። ሁለት መስመር ትጽፊያለሽ፤ ምን እንደቀረሽና እስከ መቼ እንደምትፈልጊ። ካለፈ በኋላ ከሆነ ግን ልመና ይሆናል።”

“አንቺ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?”

“እኔ… አስፈልጎኝ አያውቅም።”

“ይኼን ሰው አያችሁ!” አለች ለሙዙ። “አስፈልጓት አያውቅም!”

ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሀል ላይ ተቋረጠ። ከጀርባዬ ደረጃው ተንቋቋ። ከታች ሦስተኛው ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ያ ደረጃ የኔድ መቀመጫ ነበር። ኔድ የፊቢ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በረግረግ ላይ ስለሚበቅሉ እፅዋት አራት ዓመት አጥንቶ፣ አራት መቶ ገጽ ጽፎ፣ ጽሑፉን ለዩኒቨርሲቲው ሳያስገባ ቤቱ ተመልሷል። ባለፈው ዓመት መኸር ላይ፣ ከፊቢ ጋር ስንሠራ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንዳለ ተገነዘብኩ። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የማስተምረውን ደብተር ይዞ ይጽፋል። አንድ ቀን ፊቢ ወጥታ እኔ ወረቀቴን ስሰበስብ፣ “ይቅርታ፣ ለትልቅ ሰው የሚሆን ቁጥር አላችሁ?” አለኝ፣ ጫማ እንደሚገዛ ሰው። እኔም ትርፍ የነበረኝን አረንጓዴ ማኅደር አንስቼ ሰጠሁት። በዚያ ቀን የተጀመረው ነገር በጣቢያው መንገድ አብሮ እስከ መሄድ፣ ከዚያም በዝናብ ሦስት ባቡር አሳልፎ እስከ መቆም ደረሰ። እጄን ይዞኝ ያውቃል። ምንም ብሎኝ ግን አያውቅም።

አሁን የምግብ ክፍሉ ደፍ ላይ ቆሞ አየኝ። ጣቶቹ ቀለም ነክተዋል። አፉን ከፈተ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

“ሻይ… ሻይ ላምጣልሽ?” አለ።

“እሺ፣ አመሰግናለሁ።”

ወደ ኩሽና ሄደ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮዬ ኩሽናው ላይ ተተክሎ ቀረ። ሻዩ አልመጣም። እሱም አልመጣም።

ደብዳቤዬ አሥራ አንድ መስመር ነበር። በቃሌ አውቀዋለሁ። “ኔድ፣ ሩቅ ኦሪገን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ ሰጥቶኛል። የምመልሰው እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እዚህ የምቀርበት ምክንያት አለ ወይ? ካለ ንገረኝ። ዝም ካልክ ዝምታህን እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ፤ ሁለተኛም አልጠይቅህም።” የቀረው ማመንታትና ሰላምታ ነው። ይህን ለመጻፍ የወሰደብኝን ድፍረት የማውቀው እኔ ነኝ። ያ ዓርብ ነገ ነው።

ለመውጣት በኩሽና በኩል ሳልፍ፣ መስኮቱ ሥር አንድ ስኒ ተቀምጦ አየሁ። የሻይ ከረጢቱ ውስጡ አለ። ውሃ አልተጨመረበትም። ደረቅ ነው።

*

“ኢኔስ፣ አንድ ደቂቃ።”

ወይዘሮ ታየር ከጓሮው የሊላክ አበባ ቆርጠው እየገቡ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ብቻቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት ናቸው፤ ጮኸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

“ፊቢ ሌላ ሰው ሆናለች። ይህን ሳልነግርሽ ብትሄጂ ደግ አይሆንም” አሉኝ።

“ገና አልወሰንኩም፣ ወይዘሮ ታየር” አልኩ፤ ስለ አዲሱ ሥራ ራሴ ነግሬያቸው ነበር።

“ትወስኛለሽ። እናንተ ጠንካሮች ናችሁ።” አበባውን ውሃ ውስጥ ነከሩት። “እናትሽ አሁንም አሳ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራሉ? ኒው ቤድፎርድ?”

“አዎ፣ አሁንም።”

“ጠንካሮች ናችሁ” አሉ ደግመው፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ከእኔ እስከ እሳቸው ያለው ጠረጴዛ ሲረዝም ታየኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ኔድ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። የማይፈልገውን ነገር መሳቢያ ውስጥ ያስገባና ይዘጋበታል። ትምህርቱን እንደዚያ አደረገው። የአባቱ ወዳጅ በቢሯቸው ሥራ ሲሰጡት እንደዚያ አደረገው። ዝም ሲል መልሱ ያ ነው። ሰው በከንቱ ሲጠብቅ ማየት አልወድም፣ ለዚህ ነው የምነግርሽ።”

ስለ ደብዳቤው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ፊቴ ግን እንደ እሳት ጋለ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ለሁለት መቶ እናቶች የተናገርኩት፣ በሕልሜም የምለው ዓረፍተ ነገር። እዚያው ቆሜ፣ የቦርሳዬን ማንገቻ ጨብጬ፣ ደረቁን ስኒ እያየሁ፣ ልለው አልቻልኩም። ምክንያቱም አመንኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እናት ስትናገር አመንኩ።

“አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ታየር” ብዬ ወጣሁ።

በባቡሩ መስኮት የሚያልፈው ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። እናቴ ደወለች፤ ከሥራ ስትወጣ ነው የምትደውለው፣ ከኋላዋ የውሃ ቱቦ ድምፅ ይሰማል።

“አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?”

“ምንም።”

“ያ ረጅሙ ሰውዬ አሁንም አልመለሰም?”

“አልመለሰም፣ እማዬ።”

“ዱዳ ነው?”

“እማዬ!”

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው። እንጀራም ግን አይገባም። ንገሪው። አንቺስ ቢሆን አፍ የለሽም? ወረቀት ጽፈሽ ወረቀት ስትጠብቂ…”

“ሁለተኛ አልጠይቅም ብዬ ጽፌያለሁ።”

“ኩራትሽ እንደ አባትሽ ነው” አለች፤ ቱቦው ተዘጋ። “እሱም እየሰመጠ ሳለ ደኅና ነኝ የሚል ሰው ነበር። ኢኔስ፣ ልጄ፣ ከፈለግሽ ሂጂ፣ ከፈለግሽ ቅሪ፤ ግን ሳታውቂ አትሂጂ።”

ስልኩን ዘግቼ ሳበቃ ጭኔ ላይ በግንባሩ ደፋሁት። የኦሪገኑ የሥራ ውል ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ፈርሜበታለሁ። “ላክ” የሚለውን ብቻ አልነካሁም። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር፣ ኔድ ቢመልስ ምን እንደሚል አልነበረም። ዝም ብሎ ዓርብ ቢያልፍ፣ እኔ በዚያች ቅጽበት ምን እንደምሆን ነበር።

*

ዓርብ ከሰዓት ለፊቢ ስል ተጨማሪ ቀን ሄድኩ። ለፊቢ ስል ነው፤ ለራሴ ደጋግሜ የነገርኩት ይህንን ነው።

“መደምደሚያው አልጀምር ብሎኛል” አለችኝ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ። “ሳስበው ሁሉ ነገር ይከብደኛል፣ ወንበሩ ራሱ።”

አጠገቧ ተቀመጥኩና የራሴን ኮምፒውተር ከፈትኩ። “እዚህ ነኝ። የራሴን ሥራ እየሠራሁ ነው” አልኳት። አንዳንድ ልጅ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ አያስረዱትም፣ አይቆጡትም፣ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የራሱን ነገር ሲሠራ እጁ ይፈታል።

አሥር ደቂቃ ዝም አለች። ከዚያ ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ። የእኔ ጣቶች ግን አልተንቀሳቀሱም። ከፊቴ ውሉ አለ፤ ስሜ ከሥሩ ሰፍሯል። ከላያችን የኔድ ክፍል ወለል ላይ ሰው ይመላለሳል። ወዲያ፣ ወዲህ። ወዲያ፣ ወዲህ።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ፊቢ ጽሑፏን አረንጓዴው ውስጥ ከተተችው፤ ለልማዱ ነው፣ ወዲያው ደግሞ በኮምፒውተሩ ላከችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

“እጅ ሰጥቷል! ጄኔራል፣ ጎርፉ እጅ ሰጥቷል!”

“ጎበዝ! ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ።”

ወረደች። ፊቷ ግን የሆነ ነገር እንደያዘ ልጅ ነበር። ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ እኔ አየች።

“አንድ ነገር ልንገርሽና አልነገርኩሽም፣ እሺ?”

“ፊቢ፣ የሰው ምስጢር ከሆነ…”

“ምስጢር አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ዛሬ ጠዋት ኔድ ክፍሌ መጥቶ፣ ‘ለአንድ ገጽ ስንት ደቂቃ ትመድቢያለሽ?’ አለኝ። እኔን! የኔን ምክር! ‘ስንተኛ ገጽህ ነው?’ ስለው ‘አይ፣ አንድ ገጽ ነው፤ አሥራ አንደኛ ጊዜዬ ነው’ አለኝ። ቁርስ አልበላም። ትናንት ውሃ ልቀዳ ኩሽና ስገባ፣ ሻይ አፈላለሁ ብሎ ማንቆርቆሪያ ሊያቃጥል ነበር፤ ቆሞ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ደረስኩበት።”

ደረቁ ስኒ ዓይኔ ላይ መጣ።

አሥራ አንደኛ ጊዜ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ አልነበረም፤ ኀፍረት ነው። ሥራዬ ምን እንደሆነ ትዝ አለኝ። መምህራንን የማስጠነቅቀውን ነገር ሁሉ በራሴ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌው ነበር። አንድ ትልቅ ጥያቄ ሰጥቼ ሳልከፋፍል ተውኩ። ሩቅ ቀን ቆርጬ መካከል ላይ አንድም ቀን አላኖርኩም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዝም ማለትን መልስ አደረግሁት፤ ከዝምታ መውጣት ለሚከብደው ሰው!

“ኢኔስ? አጠፋሁ እንዴ?”

“አላጠፋሽም” አልኳት። ኮምፒውተሬን አቅፌ ተነሳሁ። “ብስኩት ብዪ። ይገባሻል።”

ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ስመላለስ ያንን ደረጃ ወጥቼው አላውቅም። ሦስተኛው ተንቋቋ። ከላይ የእግር ድምፁ ቀጥ አለ።

*

የኔድ በር ከደረጃው ራስ ፊት ለፊት ነው። ተዘግቷል። ባንኳኳስ? የእናቱ ነገር እውነት ቢሆንስ? አሥራ አንድ ጊዜ የጻፈው እንዴት አድርጎ በትሕትና እንደሚያሰናብተኝ ቢሆንስ? ሰው እምቢታን አሥራ አንድ ጊዜ አይጽፍም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ትሑት ሰው ግን ይጽፋል።

አላንኳኳሁም። የላይኛው ደረጃ ላይ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ተቀመጥኩ።

“ኔድ፣ እኔ ነኝ።”

ከውስጥ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

“አልጠይቅህም። አልጠይቅም ብዬ ጽፌያለሁ። እዚህ ደረጃው ላይ ሆኜ የራሴን ሥራ እየሠራሁ ነው።”

ግማሽ ሰዓት ያህል ውሉን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ድምፁ ከበሩ ወዲያ፣ ከቅርብ፣ መጣ። “ስንት ሰዓት ነው?”

“አሥር ከሃያ።”

“አርባ ደቂቃ” አለ ለራሱ። “ምንድን ነው ሥራሽ?”

“ውሉ። ፈርሜበታለሁ፣ አልላክሁትም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከማክሰኞ።”

የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ ሳቅ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም። “አንቺ?” አለ።

“እኔ።”

በሩ ላይ እንደተደገፈ ከሳንቃው ድምፅ አወቅሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በመካከላችን የጣት ውፍረት ያለው እንጨት ነበር።

“አሥራ አንድ ናቸው፣ ኢኔስ። አንዱም የሚረባ አይደለም። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ስድስት ገጽ ሆኗል፣ ስለ አባቴ ሁሉ ጽፌያለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የትኛው እንደሚሻል መምረጥ አልቻልኩም።”

“አትምረጥ። አረንጓዴው ማኅደር አለህ?”

“ምን ይመስልሻል? ትራሴ ሥር ነው” አለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። “ሁሉንም ክተታቸው።”

“የተሰረዘውንም?”

“የተሰረዘውንም።”

ወረቀት ሲሰበሰብ ሰማሁ። አንድ ነገር ወደቀ። ከዚያ በበሩ ሥር የማኅደሩ ጠርዝ ብቅ አለ፣ አረንጓዴ፣ ጥግ ጥጉ ያረጀ። ሁለት ጣት ያህል ወጣና ተቀረቀረ። ገፋው። አልወጣም።

“አያልፍም” አለ። በድምፁ ውስጥ ያለውን ሽብር አውቀዋለሁ፤ ሁሉንም ሠርቶ በሩ ላይ ሲደርስ የሚመለስ ልጅ ድምፅ ነው። “ወፍራም ነው። ኢኔስ፣ አያልፍም። ሳቢው።”

ብስበው ይወጣ ነበር። እጄ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ላይ ነበረች። አሥር ቀን የጠበቅሁት ነገር እዚያው ነው፤ ላየው እችላለሁ። መሳብ እንዳለብኝ መላ ሰውነቴ ጮኸ። እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

“አልስበውም” አልኩ። “በሩ ይከፈታል፣ ኔድ።”

ሰዓቱን ማየት አልፈለግሁም። ከታች ፊቢ የብስኩት ቆርቆሮ ስትከፍት ተሰማኝ። ማኅደሩ ተንቀሳቀሰ፣ ወደ ውስጥ ተመልሶ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ነፍሴ አብራው የገባች መሰለኝ። አለቀ፣ መሳቢያ ውስጥ ገባ አልኩ። ቆጠርኩ። ሃያ፣ ሃያ አንድ።

በሩ ተከፈተ።

ሸሚዙ ተጨማዷል፣ ፀጉሩ ተንጨባርሯል። ማኅደሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ልክ እንደ ሕፃን ዘርግቶ ሰጠኝ። ከዚያ እግሩ የከዳው ይመስል ከአጠገቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ከላይ ያለውን ወረቀት አወጣሁ። ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል። ደብዳቤውን የሰጠሁት ያን ማክሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። ከዚህ ቤት ከወጣሁ አሥር ደቂቃ አልሞላኝም ነበር፤ ገና አጥሩ ጋ ነበርኩ።

“ውድ ኢኔስ፣ አለ።”

ሌላ ምንም የለበትም። ‘ምክንያት አለ ወይ?’ ላልኩት አንድ ቃል። በዝግታ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት።

“ይኼ ምን ጎደለው?” አልኩት።

“አጭር ነው። አንቺ ያን ሁሉ ጽፈሽ በአንድ ቃል ብመልስልሽ ንቀት መሰለኝ። ላስረዳ ብዬ ጀመርኩ። ሳስረዳ ተበላሸ። ከዚያ ረቡዕ ሆነ፣ ከዚያ ዘገየሁ፣ ከዚያ ለምን እንደዘገየሁ ማስረዳት ነበረብኝ።” ጣቶቹን ያፍተለትል ነበር። “ዝምታህን እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ አልሽ። ኢኔስ፣ የእኔ ዝምታ መልስ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚያሸንፈኝ ነገር ነው እንጂ። እናቴ አልፈለገም ትላለች፤ መምህሮቼም እንደዚያ አሉ፤ ሠላሳ ልሞላ ነው፣ እኔም አምኜ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለእናቴ ስትነግሪያት ሰማሁ፤ አለማስረከብ አለመፈለግ አይደለም። ሳታውቂኝ ስለ እኔ መሰከርሽ። ያን ቀን ነው እኔ… ያን ቀን ነው።”

እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ፊቴን አዞርኩ።

“እኔ ግን ረሳሁት” አልኩ። “ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬ፣ ነገሩ የራሴ ሲሆን ረሳሁት። ትናንት እናትህ ሲነግሩኝ አመንኳቸው። ደረቅ ስኒ አይቼ አመንኩ። ይቅር በለኝ።”

“የቱን ስኒ?”

“ምንም። ሻይ ነው።”

“ሻይ!” አለ፣ ግንባሩን በመዳፉ መትቶ። “አምላኬ፣ ሻዩ!”

ሁለታችንም ሳቅን፣ ድምፅ ሳናሰማ፣ ትከሻችን እስኪነካካ። እጄን ያዘ። መዳፉ ቀዝቃዛ፣ ቀለም የነካ ነበር። ከዚያ ሳቁ አለቀና ሁለታችንም ጉልበቴ ላይ ያለውን ኮምፒውተር አየን። ለአሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀራል።

“ትሄጃለሽ?” አለኝ።

“አላውቅም። ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ ኔድ። እውነቴን ነው። እዚያ ራሱን የቻለ ክፍል ይሰጡኛል፤ በዋናው በር ነው የምገባው።”

የመጨረሻውን ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም። እሱ ግን አልሳቀም። ገባው።

“ቅሪ አላልኩሽም” አለኝ በዝግታ። “አለ ነው ያልኩሽ። ምን እንደምናደርገው ለመወሰን ስምንት ደቂቃ አይበቃም። ተጨማሪ ቀን ጠይቂያቸው።”

“ጠይቄ አላውቅም።”

“አውቃለሁ። ለፊቢ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ።” ትንሽ ራቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ወደ ፊት ተከለ። “እዚህ ነኝ። የራሴን ሥራ እየሠራሁ ነው።”

“ምንድን ነው ሥራህ?”

“መተንፈስ።”

ለትምህርት ቤቱ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ውሳኔዬን ለመጨረስ ጥቂት ቀን እንደሚያስፈልገኝ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ቢጠብቁኝ እንደማመሰግናቸው። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁት። ከእጄ ሲወጣ ቀለለኝ ብል ሐሰት ነው። እምቢ ቢሉኝስ? እሺ ቢሉኝስ?

ያን ጊዜ ከታች የኩሽናው በር ተከፈተና የወይዘሮ ታየር ድምፅ መጣ።

“ኔድ? ደረጃው ላይ ያለው ማነው?”

ሰውነቴ ሁሉ ሊነሳ፣ ወረቀቱን ሊሰበስብ፣ በጓሮ በኩል ሊወጣ ተዘጋጀ። ኔድን አየሁት። እናቱ ጠርተውት ወዲያው መልሶ አያውቅም፤ ፊቢ በዚህ ስትቀልድበት ሰምቻለሁ።

“ኢኔስ ናት፣ እማዬ” አለ፣ ከፍ ባለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። “እኔ ዘንድ ነው የመጣችው።”

መልሶ እጄን ያዘ። በነጻው እጄ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት፤ አሥር ቀን ሙሉ ያልቻልኩትን፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ።